የሞንትጎመሪን አድማ የመገቡት ሴቶች

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ በአሜሪካዋ ሞንትጎመሪ ከተማ የአውቶቡስ ወንበሯን ለነጭ አለቅም ስላለችው ጥቁር ሴት፣ ስለ ሮዛ ፓርክስ ያወጣችሁትን ወድጄዋለሁ። ግን «ደክሟት ከወንበሯ አልነሳም አለች» የሚለው አልተዋጠልኝም። ሴትዮዋ እኮ የጥቁሮች መብት ማኅበር ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆና ለዓመታት የሠራች ናት። የደከማት መገፋቱ ነበር።

ደግሞ እሷ ከታሰረች በኋላ የከተማዋ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ያደረጉት አድማ 381 ቀን ነው የቆየው። በባዶ ሆድ አልቆየም! ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ጓደኞቿን አስተባብራ የዶሮ ጥብስና ኬክ እየሠሩ ይሸጣሉ። ገንዘቡ አድመኞቹን ለሚያመላልሱ መኪናዎች ቤንዚን ይሆናል። ብዙዎቹ በነጮች ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ስለነበሩ ስማቸው እንዲታወቅ አይፈልጉም። ስለዚህ ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል መልሱ «ከየትም» ነው። የቡድናቸውም ስም ይኸው ነበር። (እንዲህ ያለ ቀልድ ደስ ይለኛል።) ጊልሞር ግን አልተደበቀችም። እ.ኤ.አ. በ1956 የአድማው መሪ ማርቲን ሉተር ኪንግ በአድማው ተከሶ ሲቀርብ ችሎት ላይ መሰከረች፤ ከሥራዋም ተባረረች። ከዚያ በኋላ እቤቷ እያበሰለች መሸጡን ቀጠለች። ኪንግም ደንበኛዋ ነበር።

ስለ አድማው ዳግም ስትጽፉ እሷንም ጨምሩልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ