አዲሱን ሌክሰስ ጂኤክስ ለመግዛት ከመፈረማችሁ በፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ አዲሱ ሌክሰስ ጂኤክስ 550 የወጣው ጽሑፍ የመኪናውን መልክ በሚገባ አሳይቷል። በርግጥም ዲለር ግቢ ውስጥ ከቀድሞው ጂኤክስ 460 አጠገብ ሲቆም የአንድ ቤት ልጆች አይመስሉም፤ ኮፈኑ ጠፍጣፋ፣ የፊት መስታወቱ ቀጥ ያለ፣ ጎኑ ሣጥን የመሰለ ነው። ቅርጹ ለውበት ብቻ የመጣ አይደለም። ሹፌሩ የኮፈኑን ጫፎች ከወንበሩ ሆኖ ስለሚያይ ጠባብ ቦታ ላይ ማቆም ይቀለዋል። «ለትልቅ ቤተሰብ የተመቸ ባለ ሰባት መቀመጫ» የሚለው አገላለጽ ግን አንባቢን ያሳስታል። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን መኪናውን የሚያዩት ለዚሁ ብለው ስለሆነ ጉዳዩ በዝርዝር ቢነገር ይጠቅማል።

ጂኤክስ አካሉ ለብቻው ተሠርቶ ሻንሲ ላይ የሚቀመጥ መኪና ነው። መሠረቱን ከላንድክሩዘር 300 እና እዚህ አገር ላንድክሩዘር ተብሎ ከሚሸጠው አዲሱ ፕራዶ ጋር ይጋራል። የኋላ አክስሉ (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) ድፍን ነው፤ ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ አክስሉ እንዳለ ወደ ላይ ስለሚነሳ ከበላዩ ባዶ ቦታ መተው ግድ ነው። ያ ቦታ የሚቀነሰው ከሦስተኛው ረድፍ ተሳፋሪዎች ነው። ወለሉ ከፍ ስለሚል የአዋቂ ጉልበት ወደ ደረቱ ይጠጋል። ልጆች ይቀመጡበታል። አማታችሁን እዚያ አስቀምጣችሁ ሪችመንድ ድረስ ብትሄዱ ግን ተቀያየማችሁ ማለት ነው።

ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳያችሁ ሦስተኛውን ረድፍ አጥፎ ነው። እንዲዘረጋላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የሹፌሩን ወንበር ለራሳችሁ አስተካክሉ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን ረድፍ አዋቂ ሰው እንዲቀመጥበት አድርጋችሁ አስተካክሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ኋላ ግቡና በሩን ዝጉ። ሁለተኛው ረድፍ ወደ ፊት ተገፍቶ ሳለ ከኋላ ቢቀመጡ የሚሰማው ስፋት መንገድ ላይ አይገኝም። እዚያው ተቀምጣችሁ ሳለ የዕቃውን ቦታ ተመልከቱ። ሦስቱም ረድፎች ሲዘረጉ ከኋላ የሚቀረው 10 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ሲሆን ከቀድሞው 460 እንኳ በጥቂቱ ያንሳል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሚይዘው አንድ ትልቅ ሻንጣ ለብቻው 4 ኪዩቢክ ጫማ ያህል ይወስዳል። ሁለት መንገደኛ አራት ሻንጣ ይዞ ቨርጂኒያ ወዳለው ደላስ ኤርፖርት የሚሸኝ ቤተሰብ ሦስተኛውን ረድፍ ማጠፍ አለበት፤ ያኔ መኪናው ባለ አምስት ሰው ሆነ።

ክብደትም አለ። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ነጭና ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። የተሳፋሪና የዕቃ ክብደት በድምሩ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ቁጥሩ ከመኪና ወደ መኪና ስለሚለያይ ከሻጩ አፍ አትቀበሉት፤ ራሳችሁ አንብቡት። በአማካይ 160 ፓውንድ የሚመዝኑ ሰባት ሰዎች 1,120 ፓውንድ ናቸው፤ 50 ፓውንድ የሚመዝኑ አራት ሻንጣዎች ሲጨመሩ 1,320 ይሆናል። ጣሪያ ላይ የሚታሰረው ዕቃና ተጎታች ካለ መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደትም ከዚሁ ቁጥር ላይ ይቀነሳል።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። የቀድሞው ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ8 ሞተር ቀርቷል። 4.6 ሊትሩ 301 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ነበር የሚነዳው። አሁን የገባው 3.4 ሊትር፣ ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 ሆኖ 349 የፈረስ ጉልበትና 479 ፓውንድ-ጫማ ቶርክ (የመሳብ ኃይል) ይሰጣል፤ ካምቢዮው ባለ አሥር ማርሽ ነው። የአሮጌው ቶርክ 329 ስለነበር ልዩነቱ ነዳጅ ገና ስትረግጡ ይሰማችኋል። ከጉልበት አንጻር በቪ8 መቅረት የሚያዝን ሰው ቢኖር አሥር ደቂቃ ይንዳውና ይናገር።

ጥንካሬ ላይ ስንመጣ ግን ጽሑፋችሁ ሳይነካው ያለፈ ነገር አለ። ይህ የሞተር ቤተሰብ ቱንድራ በሚባለው የቶዮታ ፒክአፕና ሌክሰስ ኤልኤክስ ላይም ይገባል። ቶዮታ በሜይ 2024 የ2022 እና የ2023 ሞዴል የሆኑ 102 ሺህ ያህል ቱንድራዎችንና ኤልኤክሶችን ለሪኮል (የፋብሪካ ጉድለት በነፃ እንዲታረም) ጠራ። በኖቬምበር 2025 ደግሞ 127 ሺህ ያህል ተጨማሪ መኪናዎችን ሲጠራ የ2024 ጂኤክስም ከነሱ መካከል ነበር። ምክንያቱ ፋብሪካ ውስጥ ብረቱ ሲፈለፈል የቀረ ብናኝ ነው። ብናኙ ሞተሩ ውስጥ ቀርቶ ክራንክ ሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) የሚሸከሙትን ሜይን ቤሪንጎች ይጎዳል። ምልክቶቹ ማንኳኳት፣ ያልተስተካከለ አሠራር፣ አልነሳም ማለት፣ ሲብስም መንገድ ላይ ጉልበት ማጣት ናቸው። ዘይት በመቀየር የሚድን ችግር አይደለም።

ይህ ማለት መኪናውን አትግዙ ማለት አይደለም። ከፊት መስታወቱ ጥግ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ መለያ ገልብጡና የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፤ ያልተሠራ ሪኮል ካለ በነፃ ይነግራችኋል። ዲለር ሪኮሉ ያልተሠራለትን አዲስ መኪና ለገዢ ማስረከብ በሕግ የተከለከለ ነው። ለአሮጌ መኪና ግን እንዲህ ያለ የፌዴራል ክልከላ የለም፤ ስለዚህ ያገለገለ 2024 ጂኤክስ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ የሚል ሰው መለያውን ሳያይ አይፈርም። ስትሞክሩትም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቃችሁ ንገሯቸው። ቀድሞ ተነስቶ የሞቀ ሞተር ብዙ ድምፅ ይደብቃል።

ዘይቱን በተመለከተ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ 10,000 ማይል ወይም አንድ ዓመት ይላል፤ አቧራ ለበዛበት መንገድና ተጎታች ለሚስብ 5,000 ማይል። የዘይቱ ሙቀት ቱርቦ ባለበት ሞተር ላይ ስለሚበረታ በእኔ አስተያየት ከተማ ውስጥ ለሚነዳም 5,000 ይሻላል።

ከዓይነቶቹ መካከል ኦቨርትሬይል የሚባለው ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ነው፤ ላግዠሪው 22 ኢንች። የጎማዎቹ ጠቅላላ ቁመት ስለሚቀራረብ ቸርኬው በ4 ኢንች ሲያድግ የጎማው ግድግዳ ከላይም ከታችም 2 ኢንች ገደማ ያጣል። ክረምቱ ሲያልፍ አስፋልቱ በሚቦረቦርበት በዚህ አካባቢ ያቺ 2 ኢንች ናት ቸርኬን ከመሰንጠቅ የምታድነው። የፊትና የኋላ ማረጋጊያ ዘንጎችን እንደ መንገዱ የሚያላላና የሚያጠብቅ ሥርዓትም፣ የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያም (ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያደርገው) ያለው ኦቨርትሬይል ላይ ነው። በኔ ግምት ትክክለኛው ጂኤክስ ይኸኛው ነው። ጉዱ ግን የ2024 ኦቨርትሬይል የመጣው በአምስት መቀመጫ ብቻ መሆኑ ነው! አምራቹ ራሱ ሦስተኛውን ረድፍ እንዴት እንደሚያየው ከዚህ መገመት ይቻላል። ስትሞክሩት መቆለፊያውን ደረቅ አስፋልት ላይ አትጠቀሙ፤ መታጠፊያ ላይ ጎማዎቹ የተለያየ ርቀት መሄድ ሲያቅታቸው ማስተላለፊያው ይጨነቃል።

የኋላው በር አሁን ወደ ላይ ይከፈታል። የድሮው ወደ ጎን፣ ማጠፊያው በቀኝ ሆኖ ለጃፓን መንገድ ስለተሠራ እዚህ አገር ዳር ሲቆም የእግረኛውን መንገድ ይዘጋ ነበር። ተገላገልን።

ነዳጁ ፕሪሚየም ነው፤ በመንግሥት መለኪያ ከተማና አውራ ጎዳና ሲደባለቅ በጋሎን 17 ማይል ይሄዳል። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ይህ 706 ጋሎን ያህል ነው። በተመሳሳይ ሻንሲ ላይ ያለው ዲቃላው (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሄደው) ላንድክሩዘር በ23 ማይል ሂሳብ 522 ጋሎን ይበቃዋል። እሱም ባለ አምስት መቀመጫ ብቻ ነው። ስምንት ሰው ያላችሁ ቤተሰቦች ታዲያ ሚኒቫን አትናቁ።

ዋጋው ላይ መስታወቱ ላይ የሚለጠፉትን ሁለት ወረቀቶች ለዩ። አንደኛው በፌዴራል ሕግ የግድ የሚለጠፈው የፋብሪካው ዋጋ ነው። ሁለተኛው ዲለሩ ራሱ ያሳተመው ሲሆን «የገበያ ማስተካከያ»፣ ጎማ ውስጥ የተሞላ ናይትሮጅን፣ የቀለም መከላከያ እያለ ይቆጥራል። ይኸኛው በድርድር ይቀነሳል፤ ካልቀነሱም ሌላ ዲለር አለ። ታክስ የሚከፈለው መኪናው በሚመዘገብበት ስቴት ሂሳብ ነው። በ70,000 ዶላር መኪና ላይ የቨርጂኒያው 4.15 በመቶ 2,905 ዶላር፣ ከጁላይ 2025 ጀምሮ የሜሪላንዱ 6.5 በመቶ 4,550 ዶላር ይሆናል። ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ ለካውንቲው የሚከፈለውንም የመኪና ግብር አስቡት፤ በመኪናው ዋጋ ልክ ስለሚሰላ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይከብዳሉ።

ጥቂት ዓመት ነድቼው ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ የሚሉም አሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል፤ ጂኤክስ ደግሞ የቤንዚን መኪና ነው። ጭነት አስተላላፊ «እኛ እናስገባዋለን» ቢላችሁ የጉምሩክን የጽሑፍ ፈቃድ በስማችሁና በመኪናው መለያ ቁጥር ሳያሳያችሁ ቀብድ አትስጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ጥገና ባለሙያ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ