ስለ ሙሉ ልብስ ግዢ፦ ከዋጋው በፊት ትከሻው ይታይ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ልብስ የሚገዙ ወንዶችን ለመምከር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ኪስ የቻለውን ያህል ውድ የሆነውን መግዛት ይሻላል የሚል ነው። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ምክሩ ገንዘቡን አጠራቅሞ የሚገዛውን ሰው ያሳስታል ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። የእኔ ሥራ አዲስ ልብስ መስፋት ሳይሆን ሰዎች ተሰፍቶ የገዙትን ማስተካከል ነው። ከ20 ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ ስቆይ እጅግ ውድ ሆኖ በባለቤቱ ላይ የተውሶ የሚመስል ኮት አይቻለሁ፤ በርካሽ ተገዝቶ ለባለቤቱ ተለክቶ የተሰፋ የሚመስልም አይቻለሁ። ሁለቱን የሚለያቸው ልክ ነው፤ ልክ ደግሞ የሚጀምረው ከትከሻ ነው።

ነገሩን በአንድ ደንበኛዬ ላስረዳ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሦስት ቀን የቀረው ወጣት አዲስ ሙሉ ልብስ በላስቲክ እንደተሸፈነ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ትከሻው ትንሽ ተርፎኛል፤ ሻጩ ግን ማንኛውም ልብስ ሰፊ ያጠብልሃል ብሎኛል» አለኝ። አልብሼ መስተዋት ፊት አቆምኩት። እጅጌው ከኮቱ ጋር የሚጋጠምበት ስፌት ከትከሻ አጥንቱ ሁለት ጣት ያህል አልፎ ወደ ክንዱ ወርዷል፤ ከስፌቱ ሥር ደግሞ ጨርቁ የሚደገፍበት አካል ስላጣ ወደ ውስጥ ሰርጎዷል። ከዚያ ግድግዳ አጠገብ አቁሜ ክንዱን ወደ ታች እንደለቀቀ በጎኑ ቀስ ብሎ እንዲጠጋ ነገርኩት፤ ክንዱ ግድግዳውን ሳይነካ የኮቱ የትከሻ ስፖንጅ ቀድሞ ነክቶ ታጠፈ። ይህን ማንም ሰው ልብስ በሚገዛበት ቤት ውስጥ ብቻውን ሊሞክረው ይችላል። ከክንዱ በፊት ስፖንጁ ግድግዳውን ከነካ ኮቱ ሰፍቷል፤ ክንዱ ከስፌቱ ወጥቶ እጅጌውን ወደ ውጭ ከገፋው ደግሞ ጠቧል።

ወጣቱ የጠየቀኝን ለመሥራት እጅጌዎቹን መንቀል፣ ገበሩን መፍታት፣ ስፖንጁን መቀነስ፣ የብብቱን ዙሪያ እንደገና መቁረጥና እጅጌዎቹን ሳይጨማደዱ መልሶ መግጠም ያስፈልጋል። ይህ የኮቱን ግማሽ እንደገና መስፋት ማለት ነው፤ ክፍያውም ለርካሽ ኮት የማያዋጣ ከመሆኑ ሌላ፣ ሁሉም ነገር ተሟልቶ እንኳ ውጤቱ የሚያስመካ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሻጩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ወይስ ያለው ልክ እሱ ብቻ ስለነበር እንደሆነ መፍረድ አልችልም። ወጣቱ ግን የዋጋ ምልክቱን ቆርጦ ስለጣለው መመለስም አልቻለም።

እንግዲህ ለገዢ መነገር ያለበት የመጀመሪያው ነገር ልብስ አስተካካይ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅ ነው። የሱሪ እግር ማሳጠር የሁሉም ቀላል ሥራ ነው። የሱሪው ወገብ በኋላ ስፌቱ ይጠባል፤ ከስፌቱ ውስጥ የተተወ ትርፍ ጨርቅ ካለም ጥቂት ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ ይህን ትርፍ ጨርቅ ሱሪውን ገልብጦ በዓይን ማየት ይቻላል። የኮቱ ወገብ በጎንና በጀርባ ስፌቶቹ ገባ ሊል ይችላል። እጅጌም ያጥራል፤ ነገር ግን እጅጌው ጫፍ ላይ ያሉት ቁልፎች ለጌጥ የተሰፉ ሳይሆኑ በእውነት የሚከፈቱ ከሆኑ፣ ከጫፉ ሲያጥር ቁልፎቹና ቀዳዳዎቹ ከቦታቸው ውጭ ስለሚቀሩ ከትከሻ በኩል ማሳጠር ይመጣል፤ ያ ደግሞ ወደ ውድ ሥራ ይመልሰናል። ስለዚህ የሚከፈት ቁልፍ የጥራት ምልክት ነው ብሎ ለሚኩራራ ሻጭ፣ እጅጌው ልክ ካልሆነ ይኸው ጥራት ችግር እንደሚሆን መንገር ደግ ነው። የኮቱ ቁመት ግን ባይነካ ይመረጣል፤ ከታች ሲቆረጥ ኪሶቹ ወደ ጫፉ ተጠግተው ይቀሩና የኮቱ መልክ ይበላሻል። ቁመቱ መቀመጫን ከሸፈነ ይበቃል።

ይህን ከተረዳን የገንዘቡ አከፋፈልም ይለወጣል። ያለውን ሁሉ ለልብሱ አውጥቶ ለማስተካከያ ባዶ እጁን ከሚቀር ሰው ይልቅ፣ ትከሻው ልክ የሆነ መካከለኛ ልብስ ገዝቶ ከገንዘቡ ጥቂቱን ለእጅጌ፣ ለወገብና ለሱሪ እግር ያስቀረ ሰው የተሻለ ለብሶ ይወጣል። ለእኔ ሥራ ገበያ የምፈልግ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይሁን፣ ግን ምክሩ እውነት ነው።

ስለ ቁጥሩም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነውና። በኮቱ ውስጥ 50 የሚል ቁጥር ሲታይ በአብዛኛው የአውሮፓ ልኬት ሲሆን 100 ሴንቲሜትር ዙሪያ ላለው ደረት የተዘጋጀ ማለት ነው፤ ቁጥሩ የደረቱ ግማሽ ነው። በኢንች የሚለኩት አገሮች ይህንኑ 40 ይሉታል። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ለአጭር፣ ለመካከለኛና ለረጅም ሰው የተለየ ምልክት ይኖራል። ረጅም የሆነ ቀጭን ሰው እጅጌው ስላጠረው ብቻ ከፍ ያለ ቁጥር ሲወስድ ትከሻውና ደረቱ ይሰፉበታል፤ የሚያስፈልገው ቁጥሩን ሳይለውጥ የረጅሙን ዓይነት መጠየቅ ነበር። ሌላው፣ ኮትና ሱሪ በአንድ ላይ ሲሸጡ የሱሪው ወገብ ከኮቱ ደረት ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሴንቲሜትር ያንሳል። ሆዱ ገፋ ያለ ወይም በስፖርት ደረቱ የሰፋ ሰው ከዚህ ስሌት ውጭ ስለሆነ፣ ኮቱንና ሱሪውን ለየብቻ በየልኩ የሚሸጥ ቤት ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ የጠበበ ሱሪ የኋላ ኪሶቹ ተጠጋግተው አንድ ኪስ ሊመስሉ ይደርሳሉ።

ልብሱን ሲሞክሩ ከልብሱ ጋር የሚለበሰውን ሸሚዝና ጫማ አድርጎ መሄድ ግድ ነው። ኮቱ ሁለት ቁልፍ ካለው የላዩን ብቻ ቆልፎ መቆም ይገባል፤ ከቁልፉ ዙሪያ ጨርቁ ተወጥሮ እንደ መስቀል የሚሻገር ሽብሽባት ካወጣ ጠቧል፣ ቡጢ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ሰፍቷል። ከእጅጌው የሸሚዙ ጫፍ አንድ ወይም አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ብቅ ቢል ይበቃል። ቀጥሎ መቀመጥ ነው። ቆመው ብቻ የሚሞክሩ ሰዎች በርካታ ናቸው፤ የቢሮ ሰው ግን አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ተቀምጦ ስለሆነ፣ ሱሪው ታፋ ላይ ሲወጠርና ወገቡ ሲቆርጥ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ሻጮች «ሱፐር» ከሚል ቃል ጋር 100፣ 120፣ 150 እያሉ የሚጠሩት ቁጥር ክሩ የተፈተለበትን የሱፍ ፀጉር ቅጥነት የሚያመለክት እንጂ የጥንካሬው መለኪያ አይደለም። ሱፐር 100 የተባለው ሱፍ የአንዱ ፀጉር ውፍረት እስከ 18.75 ማይክሮን ሲሆን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ ቁጥሩ በ10 ከፍ ባለ ቁጥር ፀጉሩ በግማሽ ማይክሮን ይቀጥናል። ሱፐር 150 እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ ነገር ግን በየቀኑ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ፣ ቦርሳ በትከሻው ለሚያንጠለጥልና ያለው ልብስ ያው አንዱ ለሆነ ሰው ቶሎ ይሳሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከ100 እስከ 120 ያለው፣ አልያም ምንም ቁጥር ያልተለጠፈበት ደህና ሱፍ ይሻለዋል። ቁጥሩ የሱፍ ቁጥር ስለሆነም አብዛኛው ፖሊስተር በሆነ ጨርቅ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የለውም፤ ውስጥ ያለውን የጨርቅ ድርሻ የሚናገረውን ትንሿን ምልክት ማንበብ ይበልጣል። እጅጌውን ጨብጦ በመልቀቅ ሱፍ መሆኑን አረጋገጥኩ የሚሉ አሉ፤ ፖሊስተርም ጨብጠው ሲለቁት ስለሚዘረጋ ይህ አያረጋግጥም። ከስፌቱ ውስጥ የተመዘዘች አንዲት ክር ብትቃጠል ግን ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸትና በጣት ሲነካ የሚፈርስ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ደግሞ ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሠራል። ክብሪቱን ሻጩ ፊት ማውጣት እንደማይገባ መቼም አልነግራችሁም።

ርካሽ የሆነውን ኮት ከውዱ የሚለየው ሌላው ነገር በጨርቁና በገበሩ መካከል ደረቱን የሚያቆመው ደጋፊ ጨርቅ ነው። በውዱ ይህ ደጋፊ በስፌት ይያያዛል፤ በርካሹ በሙጫና በሙቀት ይለጠፋል። ከታችኛው የቁልፍ ቀዳዳ በታች ያለውን ጨርቅ ከፊትም ከኋላም በጣት ቆንጥጦ ሁለቱን ቢለያዩት፣ በመካከል ለብቻው የሚንሸራተት ሦስተኛ ንብርብር ከተሰማ የተሰፋ ነው፤ ካልተሰማ የተለጠፈ ነው። የተለጠፈ ኮት መግዛት ሞኝነት ነው አልልም፤ አቅም ለሌለው ሰው የሚገኘው እሱ ነው፣ በደንብ ከተያዘም ዓመታት ያገለግላል። ነገር ግን ሙጫው ከተላቀቀ ደረቱ ላይ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ያለ እብጠት ይወጣል፤ ያንን እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ መልሰን አናስተካክለውም። ስለዚህ ጥቂት በተለበሰ ቁጥር ወደ እጥበት መላክን ትቶ በብሩሽ መጥረግ፣ በሰፊ መስቀያ ማንጠልጠል፣ ካውያውንም በቀጥታ ሳያሳርፉ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ መተኮስ ይገባል።

በጽሑፋችሁ ፈጽሞ ያልተነሣው ደግሞ ያገለገለ ልብስ ነው። ጥሩ ሱፍ በአንድ ሰው ላይ ጥቂት ጊዜ ተለብሶ ሲሸጥ ዋጋው እጅግ ይወርዳል፤ አዲስ ቢሆን ልንነካው የማንችለውን ኮት ለመግዛት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ብቻ ወደ ብርሃን አንሥቶ ብል የበላው ቀዳዳ እንዳለው ማየት፣ ብብቱን፣ ክርኑንና የሱሪውን መቀመጫ መፈተሽ፣ ደረቱ ላይም ያ ያልኩት እብጠት እንዳይኖር መዳሰስ ያስፈልጋል። የሱሪው ውስጠኛ ታፋ ከሳሳ ኮቱን ምንም ቢወዱት መተው ነው፤ ሱሪ ሁልጊዜ ከኮት ቀድሞ ያልቃል፤ አዲስ የሚገዛ ሰውም ሁለተኛ ሱሪ አብሮ የሚገኝ ከሆነ አስቀድሞ ቢወስድ የተሻለ የሚሆነው ለዚሁ ነው። ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም፤ ለአንድ ልብስ ብቻ አቅም ያለው ሰው ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ግራጫ ቢይዝ ለሁሉም ቦታ ይሆነዋል።

ያ ወጣት ምን እንደሆነ ሳልነግራችሁ ላልፍ አልችልም። የገዛው ኮት እንደማይሆን ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ነገር ግን በማግስቱ ከጓደኛው ጥቂት ተበድሮ ያገለገለ ግራጫ ሙሉ ልብስ ይዞ ተመለሰ። በግድግዳ ፈትኖት ነው የገዛው። እጅጌውን 2 ሴንቲሜትር አሳጠርኩለት፣ ወገቡን ገባ አደረግሁለት፣ የሱሪውን እግር ጫማው ላይ በትንሹ እንዲያርፍ አድርጌ ሰፋሁለት። ሥራውን ማግኘት አለማግኘቱን አልጠየቅሁትም፤ ልብስ አስተካካይ የሚጠየቅበት ጉዳይ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶግራፍ ሰውየውን የሚያሳየው ከፊት ብቻ ነው። ገዢም መስተዋት ፊት ሲቆም የሚያየው ፊቱን ነው፤ የኮቱ አንገትጌ ከሸሚዙ ተላቅቆ ክፍተት ማውጣቱን፣ ጀርባው ላይ አግድም ሽብሽባት መኖሩን፣ ከታች ያለው ስንጥቅ ተከፍቶ መቅረቱንና በነጭ ክር የተሰፋው ጊዜያዊ ስፌት አለመፈታቱን የሚያየው ከኋላው የሚሄደው ሰው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ አንዱን ፎቶግራፍ ከጀርባ አንሥታችሁ ብታወጡልን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ አስተካካይ የሆነ አንባቢያችሁ