ለፋሲካ አትበለኝ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ እንዴት ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

ባለፈው ሳምንት ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ ስትመለስ ተሳቢው ሊገለበጥብህ እንደነበር የነገረችኝ የረዳትህ እናት ናት። ሁለት ሌሊት ሳትተኛ በጫት ብቻ መንዳትህንም ሰማሁ። ካንተ አፍ ግን ምንም አልሰማሁም።

የንስሐ ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ለፋሲካ አባት እይዛለሁ» ትለኛለህ። ለፋሲካ አትበለኝ። በሰሙነ ሕማማት ኑዛዜ እንደማይሰጥ፣ መስቀል እንኳ እንደማይሳለሙ ልጅ ሆነህ ታውቀው ነበር። ከዚያ ቀደም ብለህ ብትናዘዝም ቀኖናው ጊዜ ይፈልጋል፤ የተሰጠህን ጾምና ስግደት ሳትፈጽም አትቆርብም። ብዙ ሰው ዓመት ዓመቱን የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው፤ በዓሉ ሲደርስ ይሮጣል፣ አይደርስለትም፣ «በቃ ለከርሞ» ይላል።

ድሬ ያሉ ካህን ያዝ፤ መንገድ ላይ ስለምትውል ስልካቸውን ውሰድ፣ የክርስትና ስምህንም ንገራቸው። ዲያቆን አያናዝዝም። ስትናዘዝ የሌላውን ሰው ጥፋት አታውራ፣ «አናዶኝ ነው» አትበል፤ ያደረግከውን፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ አሁንም ያልተውከው እንደሆነ ተናገር። ጫቱንም ተናገር። የሰው ገንዘብ እጅህ ላይ ካለ መልስ፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በቃል ብቻ እንደማይበቃ ገብቶት ነው። ከመኪናው ናፍጣ ቀንሶ መሸጥ በናንተ ዘንድ እንደ ስርቆት አይቆጠርም ይባላል፤ ስርቆት ነው።

ከወንድምህም ታረቅ። የቤቱ ነገር ይቆይ፤ መጀመሪያ ደውለህ ሰላም በለው።

የምትቆርብ ቀን 18 ሰዓት ሙሉ እህልም ውሃም አይቀመስም። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የምትቀበል ከሆነ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አፍህ ይዘጋ። ሹፌር የሚሳሳተው በውሃው ነው፤ ሙቀቱ ሲብስበት ሳያስበው ጠርሙሱን ያነሳል። ስለዚህ ቅዳሜ ጭነት አትያዝ። የሚደማ ቁስል ካለህም አትቅረብ፤ ለካህኑ ንገራቸውና ይቆይ።

አንተ ትንሽ ስለነበርክ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ያጥለቀለቀበትን ሌሊት አታስታውሰውም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሰው በተኛበት መጣ፤ ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ። ወንዙ ዳር ሻይ የምትሸጠው ጎረቤታችን ቅዳሜውን «ነይ ካህኑ ጋ እንሂድ፣ ፍልሰታ ሳይገባ እንናዘዝ» ብላኝ ነበር። ነጠላዋ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ፍልሰታ የሚገባው ሰኞ ነው፤ «ሰኞ አብረን እንሄዳለን» ያልኳት እኔ ነኝ። እሑድ ጠዋት ገመዱም አልነበረም። እሷን እግዚአብሔር እንዴት እንዳያት እሱ ያውቃል፤ እኔ ግን ያንን «ሰኞ» እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለፋሲካ ስትለኝ የምቆጣህ ለዚህ ነው።

ይቅርታ፣ ሌላ ነገር ልጽፍልህ ነበር።

አዎ፣ ዕዳህን። ማን ምን ያህል እንዳለበት፣ አንተም የማን እንዳለብህ በደብተር ጻፍና ለእኔም ቅጂ ላክ። ለእድሩም ክፍያህን አታስተጓጉል። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ንስሐ አባቱ ማን ናቸው?» ተብሎ ነው፤ ያን ጊዜ ቤተሰብ ሲተያይ ማየት ከሐዘኑ የማያንስ ሐዘን ነው። ለፋሲካ አትበለኝ ልጄ፣ በዚህ ሳምንት ሂድ። እንቅልፍ ሲመጣብህም ጫት ሳይሆን መኪናውን ዳር አቁመህ ተኛ፤ ጭነቱ ቢዘገይ ይዘግይ።

ነጠላህን አጥቤ ከረዳትህ ጋር ልኬዋለሁ፤ በላስቲክ ነው የጠቀለልኩት። ከናፍጣው ጀሪካን አርቀህ አስቀምጠው።

እናትህ