ድምፁ ከኋላ ነው

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል?

ጠፋሁ አይደል? አንተም ጠፍተሃልና ወቀሳውን እኩል ተካፍለን እንለፈው። እማማ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? የእኔዎቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ድምፁ ጎርንኗል፤ ስልኬን ሲያነሳ ሰዎች እኔ እየመሰልኳቸው ወሬያቸውን ይጀምሩለታል። እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ይሰማል።

ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣህም። ሰበቡ ፒካፗ ናት። አዎ፣ ያቺው! የኋላ ዲፈረንሻሏ (የሞተሩን ኃይል ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የጥርስ ሳጥን) ማጉረምረም ጀመረና አውርጄ፣ ፈትቼ፣ እንደገና ገጠምኩት። ያንተንም እስካሁን እንዳልሸጥካት ሰማሁ። እድሜያቸው አንድ ስለሆነ ተራዋ መድረሱ አይቀርም ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ከሁሉ በፊት፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ዲፈረንሻል አትፍታ። መጀመሪያ አዳምጥ። ነዳጅ ስትሰጥ የሚያፏጭ፣ ስትለቅ ጸጥ የሚል ከሆነ (ወይም በተቃራኒው) ኮሮናና ፒኞኑን (ትልቁን ክብ ጥርስና እሱን የሚያዞረውን ትንሹን) ጠርጥር። ሰጠህም ለቀቅህም ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታ (ዘንጉ ያለችግር እንዲዞር የሚይዘው) ነው። ስትታጠፍ ብቻ የሚንቋቋ ከሆነ መሃል ላይ ያሉት ትንንሾቹ ጥርሶች ናቸው። ስትነሳ አንዴ «ዷ!» ካለ ግን ክሮቸራውን (የማዞሪያ ዘንጉን መገጣጠሚያ) ሳታይ ወደ ዲፈረንሻሉ እንዳትሄድ። አስፋልቱ ሲቀየር ድምፁም የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የጎማ ነው፤ እዚያው ተወው።

የእኔው ሳያቋርጥ የሚያጉረመርመው ዓይነት ነበር። ዘይቱን ሳፈስ የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ ተለጥፏል። ይሄ የተለመደ ነው፣ አያስደነግጥም። በጣቴ ሳሸው ግን የጥፍር ቁራጭ የምታክል ስንጥር ብረት ወጣች። ከዚያ በኋላ ምን ይጠየቃል? ስፈታው የፊተኛው የፒኞን ኩሽኔታ የሚሽከረከርበት መንገድ ተበሳስቶ አገኘሁት። በነገራችን ላይ ማፍሰሻውን ከመክፈትህ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍታ። ዘይቱን ካፈሰስክ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢልህ መኪናዋ እዚያው ቆማ ቀረች ማለት ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ይሠራ ወይስ ይቀየር? እኔ የምልህ፣ ጥቃቅን ክፍተት የሚለካ ዳያል ጌጅና የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ጥሩ የቶርክ መፍቻ የሌለው ሰው አይሥራው። ዕቃው ተገዝቶ ይገኛል፤ ከባዱ መለካቱ ነው። የእኛ ዓይነቶቹ ላይ ጭንቅላቱ (ጥርሶቹን የያዘው ክፍል) እንዳለ ከፊት ለፊት ተፈትቶ ስለሚወጣ፣ ደህና ያገለገለ ካገኘህ ሙሉውን መቀየር አያሳፍርም። ብቻ ከመክፈልህ በፊት ጥርስ ቁጠር። የኮሮናው 41፣ የፒኞኑ 10 ከሆነ ሬሾው (41 ለ10 ሲካፈል) 4.1 ነው። ያንተ ደግሞ ባለ አራት ጎማ ነጂ ናት፤ የፊቱና የኋላው ሬሾ ካልተመሳሰለ አራቱን ጎማ ስታስገባ ሁለቱ ዲፈረንሻሎች እርስ በርስ ሲታገሉ አንዱ ይሰበራል።

ልሥራው ካልክ ግን ስማኝ። ኮሮናና ፒኞን አብረው ተፋጭተው የተሠሩ ጥንዶች ናቸው፤ አንዱን ብቻ ቀይሮ መግጠም የለም። የጎን ኩሽኔታዎቹን የሚይዙትን ክዳኖች ሳትፈታ ግራና ቀኝ ምልክት አድርግባቸው፣ ቦታ መለዋወጥ የለባቸውም። ፒኞኑ ላይ ያለው ተጨማቂ ቀለበት ምንጊዜም አዲስ ይሁን። የፒኞኑን ዳዶ ስታጠብቅ ቀስ እያልክ፣ በየመሃሉ ፒኞኑን እያዞርክ፣ ለመዞር የሚፈልገውን ኃይል እየለካህ ነው። ልኩን ካለፍክ ዳዶውን መልሶ ማላላት አያድንህም፤ ቀለበቱ አንዴ ተጨምቋል። አውጥተህ ሌላ ታስገባለህ።

ቀጥሎ በጥርስና በጥርስ መሃል ያለው ክፍተት ነው። በብዙዎቹ ፒካፖች ከ0.13 እስከ 0.20 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ከአንድ ሁለት ወረቀት ውፍረት አይበልጥም። ያንተዋን ትክክለኛ ልክ ከማንዋሉ ውሰድ። ኮሮናውን ዙሪያውን ቦታ እየቀያየርክ ለካ፣ አንድ ቦታ ብቻ ለክተህ አትርካ።

እኔ የወደድኩት ቀለም መቀባቱን ነው። ለዚሁ የሚሆነውን ቢጫ ቀለም ጥቂት ጥርሶች ላይ ትቀባለህ፤ ኮሮናውን በእጅህ እየያዝክ ወዲያና ወዲህ ታዞራለህ። ጥርሶቹ የት እንደሚነካኩ አሻራቸውን ይተዉልሃል። አሻራው መሃል ላይ ካረፈ ጨርሰሃል። ወደ ጥርሱ ጫፍ ከወጣ ፒኞኑ ርቋል፤ ከፒኞኑ ጭንቅላት ሥር ያለው ሺም (ስስ የብረት ቀለበት) ወፈር ይበል። ወደ ሥሩ ከወረደ በጣም ቀርቧል፤ ይሳሳ። በእርግጥ ሺም በቀየርክ ቁጥር ኩሽኔታውን ማውጣት አለብህ፤ ወገብ የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ልጄ መብራት ይዞልኝ ቆሞ «ይበቃል፣ ደህና ነው» ሲለኝ ነበር። አልሰማሁትም።

ዘይቱ ላይ አትቆጥብ። ፒኞኑ ከኮሮናው መሃል ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርሶቹ ሲዞሩ እርስ በርስ ይንሸራተታሉም። ተራ ዘይት ያንን ጫና አይችለውም፤ ማንዋሉ ሌላ ካላለ ለእንዲህ ዓይነት ጥርስ የተሠራው ጂኤል-5፣ ውፍረቱ 80ደብሊው-90 ነው። የአክስሉን መተንፈሻ ቱቦም አጽዳ። ከተደፈነ፣ አክስሉ ሲሞቅ ዘይቱ በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ጎማ) በኩል እየተገፋ ይወጣል። ሰው ግን አዲስ ሲል እየገዛ ይከርማል!

አዲስ ጥርስ ካስገባህ በመጀመሪያው ቀን ብዙ አትንዳ። ትንሽ ነድተህ አቁምና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። እስከ 800 ኪሎሜትር ድረስ ከባድ ጭነት የለም፣ መጎተትም የለም። ከዚያ ዘይቱን ቀይረው።

የእኔዋ አሁን ጸጥ ብላለች። ያንተዋ ድምፅ ከጀመረች በስልክህ ቅዳና ላክልኝ፤ አንዱን ነዳጅ እየሰጠህ፣ ሌላውን እየለቀቅህ፣ ሦስተኛውን እየታጠፍክ። መስኮት ዝጋ፣ ራዲዮ አጥፋ፣ ባለቤትህንም ለአፍታ ዝም በይልኝ በላት። እማማን እጅ ነስቶዎታል በልልኝ።

ያው የድሮው ጓደኛህ