«ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ»

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

መስማት ስለተሳነን ሰዎች በጋዜጦች የሚወጣው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ኅብረተሰብ የሚያደርስብንን በደል የሚመለከት ነው፤ አስተርጓሚ ስለሌለው ሐኪም ቤት፣ የምልክት ቋንቋ ስለማያውቅ መምህር፣ በእጃችን ስናወራ ቆሞ ስለሚያፈጥብን መንገደኛ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ገናም ብዙ ሊጻፍበት ይገባል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን እርስ በርሳችን ስለምንበዳደለው ነው። «ገመናችንን ለሚሰሙት ለምን ታወጣለህ?» ብለው የሚቆጡኝ ወዳጆች እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ነገሩን በስብሰባዎቻችን ላይ ደጋግሜ አንሥቼ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ጊዜ ይደር እየተባለ ስለታለፈ፣ እነሱም እኔም በምናነበው ጋዜጣ ላይ ላሰፍረው ወሰንሁ።

በቅርቡ በአንድ ስብሰባችን ላይ አንዲት ወጣት ሐሳብ ለመስጠት ወደ ፊት ወጣች። ወላጆቿ በንግግርና ከንፈር በማንበብ ብቻ ያሳደጓት፣ የምልክት ቋንቋን ሃያ ዓመት ካለፋት በኋላ የጀመረች ናት። እጆቿን ከደረቷ ዝቅ አድርጋ፣ የማታውቀው ምልክት ሲያጋጥማት ቃሉን በጣት ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመች ትናገር ነበር። በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጠ፣ ምልክት እንደ ውኃ የሚፈስለት ሰው ጣቶቹን እያንቀጠቀጠ አስመሰላት፤ በዙሪያው ያሉትም ሳቁ። ሳቁን አልሰማችም። ነገር ግን የሁላችንም ዓይን ከእሷ ላይ ተነሥቶ ወደ እሱ ሲዞር አየች፤ በእጁ ለሚናገር ሰው ከዚህ የከፋ ማቋረጥ የለም። የጀመረችውን ቃል ከግማሽ ላይ ትታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ከተቀመጠችም በኋላ ሁለቱን እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው። እኔ አልሳቅሁም። ይሁን እንጂ ተነሥቼ መብራቱን በማጥፋትና በማብራት ስብሰባውን ማስቆም ስችል ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

በዚያው ዕለት አንድ የሚሰማ እንግዳ መጥቶ ነበር። አስተርጓሚው ቀደም ብሎ ስለሄደ፣ በመስሚያ መሣሪያ እየታገዘ በከፊል የሚሰማውና ጥሩ አድርጎ የሚናገረው ሰብሳቢያችን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ከእንግዳው ጋር በድምፅ ይነጋገር ጀመር። አርባ የምንሆን ሰዎች የሁለት ሰዎችን ከንፈር እያየን ቀረን። አንድ አዛውንት «ምን አለ?» ብለው በምልክት ሲጠይቁት፣ አንድ ጣቱን አንሥቶ «ቆዩ፣ በኋላ እነግራችኋለሁ» አላቸው።

ይህችን ዐረፍተ ነገር መስማት የተሳነው ሰው ሁሉ ያውቃታል። ቤተሰብ በማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ሲሳሳቅ የእናታችንን ወይም የወንድማችንን ክንድ ነካ አድርገን «ምንድን ነው?» ስንል የምናገኛት መልስ ናት። ያ «በኋላ» ብዙውን ጊዜ አይመጣም፤ ቢመጣም የግማሽ ሰዓት ጨዋታ በሦስት ቃላት ተጠቅልሎ ነው የሚደርሰን። በልጅነታችን ያቆሰለችንን ቃል እኛው ራሳችን፣ በራሳችን ቤት፣ በራሳችን ቋንቋ መልሰን ስንወራወራት ማየት ከማንኛውም የሚሰማ ሰው ስድብ ይልቅ ያመኛል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለአንባቢ መግለጽ ይኖርብኛል። መስማት ተስኗቸው ከሚወለዱ ሕፃናት ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት የሚሰሙ ወላጆች ልጆች ናቸው። ሌላው ሰው ቋንቋውን ከእናቱ ጭን ላይ ሲያገኝ፣ ከእኛ አብዛኞቻችን ቋንቋችንን የምናገኘው ከደጅ ነው፤ አንዱ በአራት ዓመቱ ከትምህርት ቤት፣ ሌላው በአሥራ አምስት ዓመቱ ከጓደኛ፣ ሌላው እንደዚያች ወጣት አዋቂ ከሆነ በኋላ። መስማት የተሳናቸው ወላጆች ኖረውት ከሕፃንነቱ በምልክት ያደገው ጥቂቱ ነው። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ በማጅራት ገትር ታምሜ መስማት አቆምሁ፤ ድምፄ ግን አልጠፋም። ስለዚህም ከሚሰሙት ጋር ስሆን «ሰምተህ የማትሰማ ትመስላለህ» እባላለሁ፣ ከወገኖቼ ጋር ስሆን ደግሞ «አንተ እንኳ የእነሱ ወገን ነህ» እባላለሁ። በአንድ መጠሪያ የምንጠራ ሰዎች እዚህ የደረስንባቸው መንገዶች ይህን ያህል የተለያዩ ናቸው።

በዚህ ላይ የታሪክ ጠባሳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1880 በጣሊያን ሚላን የተሰበሰቡ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ መምህራን ንግግር ከምልክት እንደሚበልጥ ወሰኑ፤ ከዚያም በብዙ አገሮች የምልክት ቋንቋ ከመማሪያ ክፍል ተባረረ፤ በእጃቸው ሲያወሩ የተገኙ ልጆች ተቀጡ። ጥሩ አድርጎ የሚናገረው ልጅ እንደ ብልህ ተቆጠረ፣ የማይናገረው ደግሞ እንደ ሰነፍ። የዚያ ጉባኤ ተተኪ የሆነው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በቫንኩቨር ተሰብስቦ የሚላንን ውሳኔዎች ውድቅ ያደረገውና ስላደረሱት ጉዳት መጸጸቱን የገለጸው በ2010፣ ከ130 ዓመታት በኋላ ነው። ውሳኔው ተሻረ፤ ሰውን በደረጃ መደርደሩ ግን በመካከላችን ቀረ፤ አንዳንድ ቦታ እንዳለ፣ አንዳንድ ቦታ ተገልብጦ። ያችን ልጅ ያሳፈራት ያ ተገልብጦ የቀረው መለኪያ ነው።

በአሜሪካ የሚገኘውና መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የተቋቋመው የጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ትምህርት ቤታቸውን ዘግተው፣ መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት እንዲሾም ታግለው አሸነፉ። የተሾሙት ኪንግ ጆርዳን በ21 ዓመታቸው በሞተር ሳይክል አደጋ የመስማት ችሎታቸውን ያጡ ሰው ነበሩ፤ ማኅበረሰቡም በደስታ ተቀበላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 እሳቸውን እንዲተኩ የተመረጡት ጄን ፈርናንዴስ ከልደታቸው ጀምሮ የማይሰሙ ሲሆኑ፣ በንግግር አድገው ምልክትን የተማሩት አዋቂ ከሆኑ በኋላ ነው። ብርቱ ተቃውሞ ተነሣባቸውና ሹመቱ በዚያው ዓመት ተሻረ። ተቃዋሚዎቹ ምክንያታችን የአመራር ብቃታቸውና የምርጫው አካሄድ ነው አሉ፤ እሳቸው ደግሞ ጉዳዩ ማን በቂ መስማት የተሳነው ነው የሚለው ክርክር እንደሆነ ተናገሩ። በዚያ ጠብ ማን ትክክል እንደነበር ልፈርድ አልችልም። እኔን የሚያሳስበኝ፣ «በቂ» የምትለው ቃል በዚህ ጉዳይ ውስጥ ጭራሽ መነሣት መቻሏ ነው።

ኮክሊያር ኢምፕላንት ስለሚባለው፣ በቀዶ ጥገና ጆሮ ውስጥ ስለሚተከለው መሣሪያም እንዲሁ ነው። ወላጆች ስለሚወስኑት ውሳኔ መከራከር ተገቢ ነው። ውሳኔውን ያልወሰነውን ልጅ ግን ወደ እኛ ሲመጣ ፊት መንሣት ምን ይባላል? የመሣሪያውን ውጫዊ ክፍል ለመኝታ ሲያወልቅ እንደ እኔው አይሰማም።

ይሁን እንጂ ያን የቀለደውን ሰው ብቻ ከስሼ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ሰውየውን ለዓመታት አውቀዋለሁ። ቋንቋው ምልክት ብቻ ነው፤ በእሱ የሚያህለውም የለም። ሆኖም በባለ ሥልጣን ፊት እንዲቀርብ የሚመረጠው ሁልጊዜ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ ሥራውም፣ ወንበሩም፣ የጉዞ ዕድሉም የሚሄደው በንግግር ለሚግባባው ነው፤ እንደ እኔ ላለው ማለት ነው። እሱ ሃያ ደቂቃ የተናገረው በአራት ዐረፍተ ነገር ተተርጉሞ ሲቀርብ ቆሜ አይቻለሁ። ስለ እሱ ሌሎች ሲናገሩለት የኖረ ሰው፣ ንግግር የምትችል ልጅ በተሰባበረ ምልክት ከፊቱ ስትቆም የሚሰማው ቁጣ ባዶ ቁጣ አይደለም። ግን ቁጣው የወረደው ምንም ባልወሰደችበት ሰው ላይ ነው፤ የሚገባው ለሰብሳቢው፣ ለእኔም ነበር። ማኅበረሰባችን ትንሽ ስለሆነ ደግሞ የተጣላ ሰው መሸሻ የለውም፤ በሠርጉም፣ በለቅሶውም፣ በስብሰባውም የሚያገኘው እነዚያኑ ፊቶች ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው የተወሰነ ነገር ነው። ድምፅም ምልክትም ያለን ሰዎች፣ መስማት የተሳነው አንድ ሰው እንኳ በክፍሉ ውስጥ እስካለ ድረስ እጃችንን አናሳርፍ፤ አስተርጓሚ ከሌለ ስብሰባው ይቁም፣ ወይም እንግዳው ሐሳቡን ጽፎ ሁላችንም በምናየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በምልክት ብቻ የሚነጋገሩ ሰዎች በየኮሚቴው ውስጥ ይግቡ፤ ወደ ውጭ ስንወጣም እነሱ ይናገሩና አስተርጓሚው ይከተላቸው። አዲስ መጪ ሲሳሳት ንግግሩን ይጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ለብቻው ትክክለኛው ምልክት ይታየው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 የምልክት ቋንቋዎችና የመስማት የተሳናቸው ባህል እውቅና እንዲያገኙ ይደነግጋል፤ ይህን አንቀጽ ለባለ ሥልጣናት ስናነብ፣ በምልክት ብቻ የሚነጋገሩት አባሎቻችን በራሳችን አዳራሽ ውስጥ ትርጉም እየጠበቁ መሆን የለባቸውም።

ለዚያች ወጣት ባለፈው ሳምንት በስልክ መልእክት ላክሁላት። ስብሰባውን ማስቆም ሲገባኝ ባለማስቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከመጣች ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሣ እንድትናገር በፊተኛው ረድፍ እንደምቀመጥም ነገርኋት። ማንበቧን የሚያሳየው ምልክት ስልኬ ላይ ወጥቷል። መልስ እስካሁን አልላከችም።

ከአክብሮት ጋር
መስማት የተሳነው አንባቢያችሁ