ለሁለቱም ወገን የሚጽፈው ሰው

ጎንደር

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ መቆየቱን ዐውቃለሁ፤ ለዝምታዬ ምክንያት እየደረደርሁ ወረቀት ከምጨርስ ግን የጠየቅኸኝን ብመልስልህ ይሻላል። «የራፖር ጸሐፊው፣ የማመልከቻ ጸሐፊው፣ ልብ ወለድ ከምን ደረሰ?» ብለኸኝ ነበር። መጽሐፉ አላለቀም፤ ዋናው ሰውየ ይግዛው ግን ነፍስ ዘርቷል።

ይግዛውን መጀመሪያ ስነግርህ ስለ እርሱ ያልመዘገብሁት ነገር አልነበረም። ቅኔውን ጎጃም ተምሮ፣ አቋቋም ሊማር ጎንደር በዓታ መጥቶ፣ ትምህርቱን ከመካከል ትቶ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ይባል በነበረው አገራችን ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ነው። ባለጉዳዮቹ «የኔታ» ይሉታል፤ እኔ ግን የፈጠርሁት ስለሆንሁ አንተ እለዋለሁ። የካፖርቱን ቀለምና የጥርሱን መወየብ ሳይቀር በደብተር ይዤ ነበር። ያም ሆኖ በየምዕራፉ ይቀመጣል፣ ይጽፋል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ አንዳች ነገር አያደርግም ነበር።

ያነቃው አንድ የርስት ክርክር ነው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚቆጠር ስለነበር፣ ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቁጠር የቻለ ሁሉ ድርሻዬን ብሎ ሊከስ ይችል ነበር፤ በሚስትና በርስት ዋዛ የለም ይባል የለ፣ ለራፖር ጸሐፊ ከዚህ የሚሻል እንጀራ አልነበረም። አንድ የደምቢያ ገበሬ የአጎቱን ልጅ ሊከስ መጣ። ይግዛው ጻፈለት፤ ጽፎም ጮክ ብሎ አነበበለት። ገበሬው ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ፣ «የኔታ፣ ይህን ሁሉ የተበደልሁ እኔ ነኝ?» ብሎ ጠየቀ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ተከሳሹ መጥሪያውንና የክሱን ግልባጭ በመሐረብ ጠቅልሎ እዚያው ደጃፍ ደረሰ። ይግዛው መሐረቡን ሲፈታ የገዛ እጅ ጽሑፉን አገኘ። ሳይቸኩል እስከ ፊርማው ድረስ አነበበና፣ «ይህን የጻፈ ሰው ቀላል ሰው አይደለም፤ መልሱ ዋጋው ከፍ ይላል» አለው።

ይህን ስጽፍ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ጨነቀኝ። እስከዚያ ድረስ ለድኻ የሚያዝን ደግ ሰው ላደርገው ነበር ሐሳቤ። አሁን አጭበርባሪ ነው ብዬ ልተወው አልቻልሁም፤ ምክንያቱም ለሁለቱም የጻፈው ከልቡ ነው። የከሳሹን በደል ሲጽፍ ከሳሹን ያምናል፣ የተከሳሹን መልስ ሲጽፍ ደግሞ ባለመብቱ ተከሳሹ መሆኑን ይምላል። ጎረቤቱ ቢወቅሰው «ቅዱስ መጽሐፉስ አንድም፣ አንድም እያለ ይፈታ የለ?» ብሎ አፉን አስያዘው። በእኔ አስተያየት፣ ደራሲው ራሱ ለመፍረድ የሚቸገርበት አንድ ድርጊት፣ በደብተር ከተጻፈ የሕይወት ታሪክ ሁሉ ይበልጣል። ተማሪዎቼን ዝርግና ክብ ገጸ ባሕርይ፣ ባለ አንድ መልክና ባለ ብዙ መልክ ሰው፣ እያልሁ ሳስተምር ይህን የሚነግር ምዕራፍ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁም።

ሳያቋርጡ መጻፉ ግን አሁንም ትግል ነው። የጎንደርን ጥምቀት ላንተ አልነግርህም፤ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ መደብና ወለሉ መኝታ ይሆናል። ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ሠርግ ነው። ጾሙ ሲገባ የፈተና እርማት ይጠብቀኛል፤ በመካከሉም ለቅሶው፣ ማኅበሩ፣ የመብራት መጥፋቱ አለ። ማቋረጡን እንኳ እችለው ነበር፤ የሚከብደኝ መመለሱ ነው። የቀዘቀዘ ምጣድ እንደ አዲስ ማገዶ እንደሚፈጅ፣ ሰንብቼ ደብተሩን ስከፍት የመጀመሪያዎቹ ቀናት በማሟሟቅ ያልቃሉ። ይግዛው በእኔ አፍ መናገር ይጀምራል፤ ነገርን በቅኔ አዙሮ የሚወጋው ሰው፣ እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ «ከዚህ አንጻር» እያለ ሲያወራ አገኘዋለሁ።

ስለዚህ አንድ መላ ዘየድሁ። ምዕራፉ እንቢ ሲለኝ አልታገለውም፤ ለይግዛው ባለጉዳይ እልክበታለሁ። ጠዋት ወደ አዘዞ ለማስተማር ከመውጣቴ በፊት፣ ላሟ የተነዳባትን መበለት ወይም ደመወዙ የተቆረጠበትን ዘበኛ አስመጣና፣ ከ«ጉዳዩ» እስከ ፊርማው ግማሽ ገጽ የምትሞላ ማመልከቻ በእርሱ ቃል እጽፋለሁ። ስለ ባለጉዳዩ እየጻፍሁ ጸሐፊውን አየዋለሁ። ለመበለቷ «ጧሪ ቀባሪ የሌለኝ» የምትለዋን ሳትጠይቀው ይጨምርላታል፤ ለዘበኛው ግን ከተነገረው አንዲት ቃል አያስበልጥም፤ ዘበኛው በር ላይ አቁሞት ያውቃልና። አብዛኞቹ ማመልከቻዎች መጽሐፉ ውስጥ አይገቡም፤ ድምፁን ግን ከቀን ቀን ያቆዩልኛል።

አሁን የቆምሁት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ላይ ነው። የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲታወጅ፣ አቅኚ አባትን የመቁጠር ጥበብ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አዲስ ባለጉዳይ እንደሚያገኝ ዐውቃለሁ፤ በሁለቱ አዋጆች መካከል ያሉትን ወራት ግን በምን እንደምሞላቸው አልቆረጥሁም። የሚያጓጓኝ ሐሳብ ይህ ነው፦ ከሳሹና ተከሳሹ አብረው መጥተው፣ በሁለታችን ስም አንድ ማመልከቻ ጻፍልን ቢሉትስ? ዕድሜውን ሙሉ ተቃራኒ ወገንን እያሰበ የጻፈ ሰው፣ ተከራካሪ የሌለበትን ነገር በምን ይጀምረዋል? አንተ ነገር ታውቃለህና ሐሳብህን ጻፍልኝ፤ ነገሩ ጨዋታ ከመሰለህም አትሸሽገኝ።

ሌላም የማስቸግርህ አለኝ። የአባትህ የርስት ክርክር ወረቀቶች በሣጥን እንዳሉ ነግረኸኝ ነበር። የተከሳሽ መልስ በዚያ ዘመን በምን ቃል እንደሚከፈትና ትውልዱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚቆጠር በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ፤ አንዱን ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ፤ የሰዎቹን ስም ብትሸፍነው ቅር አይለኝም። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ደግሞ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው እንዳገኘሁ እልክልሃለሁ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

የዘወትር ወዳጅህ