ምጽዋ በመኪና ይገባል ወይ ላልሽኝ

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እዚያ ባህሬን ከሙሐረቅ ደሴት ወደ መናማ ስትሻገሪ የቀረጽሽው ቪዲዮ ደርሶኛል። ምጽዋን መሰለኝ ስልሽ «አባዬ፣ ደሴት አይደለች እንዴ? በአውቶቡስ እንዴት ገባህ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ፤ ካርዴ አልቆ ሳልመልስልሽ ቀረሁ።

ከአስመራ 115 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ትወርጃለሽ፣ ሹራብሽን መንገድ ላይ አውልቀሽ። መጀመሪያ የምታገኚው የየብሱን ሰፈር ነው። ከዚያ መንገዱ ባህር ውስጥ ገብቶ ጥዋለት የምትባል ደሴት ላይ ያወጣሻል፣ ከጥዋለት ደግሞ ሌላ አጠር ያለ መንገድ ወደ አሮጌው ከተማና ወደ ወደቡ ያደርስሻል፤ ዋናዋ ምጽዋ እሷ ናት። ድልድይ እንለው ነበር እንጂ ባህሩን በድንጋይና በአፈር ሞልተው የሠሩት መንገድ ነው። ያሠራው ሙንዚንገር ነው፣ በ1860ዎቹ ዓ.ም. ለግብፆች ያስተዳድር የነበረው ስዊስ፤ በ1868 አውሳ ላይ አፋሮች የገደሉት ያው እሱ። አመጣጡ ለኛ ደግ ባይሆንም በየብሱ በኩል ካለችው ከእምኩሉ የሚጠጣ ውሃ ወደ ደሴቷ ያስገባ ሰው ነውና ይህን አልክድበትም። በዚያ ሙቀት ውሃ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ አሁን ታውቂዋለሽ።

እኔ በ1974 ስደርስ የአስመራው ባቡር ቆሟል። ከባህር ኃይል ግቢ ሥራ ጨርሼ ስወጣ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ በብስክሌት እሻገር ነበር። ጨዉ ሰንሰለቱን ስለሚበላው በየሳምንቱ ዘይት ካላጠጣሽው ሲጢጥ እያለ ያሳፍርሻል። ልጆች ድንጋዩ ላይ ተደርድረው ክር ጥለው ዓሣ ይጠብቃሉ፣ መንጠቆ እንኳን የሌለው ነበረ፣ የታጠፈ ሚስማር። ውሃው ሲሸሽ ግን ሽታው አይጣል ነው!

በየካቲት 1982 ከሻዕቢያ ጋር የነበረው ጦርነት ምጽዋ ሲገባ እኔ አሰብ ተዛውሬያለሁ። ጥዋለት ላይ የቀሩት ጓደኞቼ ጀርባቸው ባህር፣ ፊታቸው ያው መንገድ ነበር። ስለሱ ሌላ ጊዜ፣ ስትመጪ።

እና ቪዲዮ ስትልኪ ስልኩን ወደ ጎን አዙሪው እባክሽ፣ ሕንፃውን ተዪው። ዳር ላይ ክር የጣለ ልጅ ካለ ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ